ለዛሩ ከሃዲ፣ ለወገኑ ጠላት የተባለው ልዑል

ውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ ጨዋታው ቶሎ ወደ ፖለቲካ ይሄዳል። ከፖለቲካው ደግሞ ቶሎ ወደ ሰው እናልፋለን። እገሌ ሹመት ተቀበለ፤ በቃ፣ ተሸጠ። እገሊት ወጥታ ቀረች፤ እሷም ሸሸች። ቡናው በረካ ላይ ሳይደርስ ብዙ ሰው ባንዳ ተብሎ ይፈረጃል። እዚህ ፓሪስ ይህን ወሬ በሰማሁ ቁጥር አንድ የፖላንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ከወጣትነቱ እስከ እርጅናው እንዲህ ባለው ፍረጃ መሀል የኖረ ሰው ነው።

ሴን ወንዝ መሀል ሳን ልዊ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በምሥራቅ ጫፏ ኦቴል ላምቤር የሚባል የ17ኛው ክፍለ ዘመን የመኳንንት ቤት ቆሟል። ከ1843 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ የልዑል አዳም የርዚ ቻርቶሪስኪ ቤት ነበር። ዛሬ ብዙ ጎብኚ ከውጭ ፎቶ አንስቶት ያልፋል። እኔ ግን እኛ ስደተኞች የዚህን ሰው ታሪክ ማወቅ አለብን ባይ ነኝ።

አዳም በ1770 ዋርሶ ተወለደ። ቤተሰቡ በፖላንድ ከሁሉ ባለጸጋ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ሁለት ዓመት ሲሞላው ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ አገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀራመቱ። በ1793 እንደገና ቆረሱላት። በ1795 ሦስተኛው ቅርጫ ሲያልቅ ፖላንድ የምትባል አገር ከካርታ ጠፋች። ተመልሳ የቆመችው ከ123 ዓመት በኋላ በ1918 ነው።

ወጣቱ አዳም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1792 ሩሲያ ስትወር ዘምቶ የጀግና ሜዳሊያ አግኝቷል። በ1794 በታዴዎስ ኮሽቹሽኮ የተመራው አመፅ ሲከሽፍ ግን የሩሲያ ንግሥት ካትሪን የቤተሰቡን ርስት ያዘች። ርስቱ የሚመለሰው ሁለቱ ወንድ ልጆች ሴንት ፒተርስበርግ መጥተው እሷ ዘንድ ካገለገሉ ነው ተባለ። አዳምና ወንድሙ ኮንስታንቲ በ1795 ሄዱ። አዳም 25 ዓመቱ ነበር። የክብር ዘበኛ መኮንን ልብስ ይልበስ እንጂ መያዣ ነበር።

የኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ እዚህ ላይ ምኒልክን ማስታወሱ አይቀርም። አጼ ቴዎድሮስ በ1855 ሸዋን ሲያስገብሩ የ11 ዓመቱን ምኒልክን ይዘዋቸው ሄዱ። ምኒልክ መቅደላ ላይ በመያዣነት አደጉ። ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፣ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው። በ1865 ምኒልክ ከአምባው አምልጠው ሸዋ ገቡና ዙፋናቸውን መልሰው ያዙ። አዳም እንዲህ ያለ እድል አልነበረውም። ምኒልክ የሚመለሱበት ሸዋ ነበራቸው። አዳም ቢያመልጥ የሚጠብቀው መንግሥትም፣ ጦርም፣ ዙፋንም አልነበረም። ስለዚህ የቀረው ባለበት ሆኖ የሚችለውን መሥራት ነበር። ለምን ገባ ብለን ከመጠየቃችን በፊት ይህን ልዩነት ማየት አለብን።

ፒተርስበርግ ያልታሰበ ነገር ጠበቀው። የካትሪን የልጅ ልጅ፣ ገና 18 ዓመት የሆነው አሌክሳንደር፣ በ1796 ጸደይ አዳምን ለብቻው ጠርቶ በቤተ መንግሥቱ የአትክልት ስፍራ አብሮት ተዘዋወረ። የአያቱን ፖለቲካ እንደማይደግፍ፣ በፖላንድ መፍረስ እንደሚያዝን፣ ጭቆናን እንደሚጠላ ነገረው። አዳም ይህን በማስታወሻው ጽፎታል። ያን ቀን ሁለቱ ጓደኛ ሆኑ። አገሩን ካፈረሰው ቤተሰብ መሀል ጓደኛ አገኘ። እውነተኛ ጓደኛ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን ጓደኛው አንድ ቀን ዛር፣ ማለትም የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት፣ የሚሆን ሰው ነበር። ዛር ደግሞ ከጓደኝነት የሚበልጥበት ብዙ ነገር አለው።

በ1801 አሌክሳንደር ነገሠ። ወዲያው አዳምንና ሦስት ሌሎች ወዳጆቹን ሰብስቦ የለውጥ ሐሳብ የሚነጋገሩበት የግል ጉባኤ አቋቋመ። ከሦስቱ አንዱ ኒኮላይ ኖቮሲልትሴቭ ይባላል። ይህን ስም ያዙልኝ፣ ተመልሶ ይመጣል። አዳም በ1802 ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በ1804 ደግሞ ሚኒስትሩን ተክቶ የሚሠራ ሆነ። ፖላንድን የዋጠው መንግሥት የውጭ ፖሊሲ በአንድ ፖላንዳዊ እጅ ገባ ማለት ነው። የሩሲያ መኳንንት አጉረመረሙ። ይህ ሰው የሚሠራው ለሩሲያ አይደለም፣ ለፖላንድ ነው አሉ። አልተሳሳቱም። በ1803 ለዛሩ ባቀረበው ጽሑፍ ሩሲያ የአውሮፓን ሰላም የምታስከብረው የተጨቆኑ ሕዝቦችን መብት ስትደግፍ ነው የሚል ሐሳብ አስፍሮ ነበር። ፖላንድም እዚያ ሐሳብ ውስጥ ነበረች። ግን በ1805 ናፖሊዮን ኦስተርሊትዝ ላይ ሩሲያንና ኦስትሪያን ድል መታ። በሚቀጥለው ዓመት አዳም ከሚኒስቴሩ ለቀቀ። እንደ ሚኒስትር ለፖላንድ አንድ ጋት መሬት አላስመለሰም።

የሚኒስትርነቱ ታሪክ ብዙ ይወራለታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ብዙም የማይነሳው ሥራው ነው። በ1803 ዛሩ የቪልና የትምህርት አውራጃ የበላይ ጠባቂ አደረገው። ቪልና የዛሬዋ ቪልኒዩስ ናት። አውራጃው በቅርጫው ሩሲያ የወሰደቻቸውን ስምንት ክፍላተ አገር ያጠቃልላል፤ ዛሬ ሊቱዌኒያ፣ ቤላሩስና ዩክሬን የሚባሉት ውስጥ ያሉ ናቸው። አዳም ይህን ሹመት 20 ዓመት ያህል ይዞ ቆየ። ከሚኒስቴሩ ሲለቅ እንኳ ይህን አልለቀቀም።

ምን ሠራበት? ትምህርት ቤት ከፈተ። ትምህርቱ የሚሰጠው በፖላንድ ቋንቋ ነበር፣ ያውም በሩሲያ ዛር ፊርማና ማኅተም። በ1805 በክሬሜኔትስ ከተማ ስመ ጥር የሆነ ሊሴ ተከፈተ። የቪልና ዩኒቨርሲቲ በመላው የሩሲያ ግዛት ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ሆነ። የፖላንድ ሕዝብ እስከ ዛሬ ቃላቸውን በቃሉ የሚይዝላቸው ባለቅኔዎች፣ አዳም ሚትስኪዬቪችና ዩሊዩሽ ስሎቫትስኪ፣ ሁለቱም እዚያ ተምረዋል። አገር የሌለው ሕዝብ በጠላቱ ቤት ውስጥ የራሱን ልጆች በራሱ ቋንቋ አስተማረ። ያን ጊዜ አንድ ስደተኛ ፓሪስ ተቀምጦ አዳምን ባንዳ ቢለው፣ ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱን አምጥቶ ማነጋገር ይበቃ ነበር።

ፍጻሜው ግን መራራ ነው። በ1823 ቪልና ውስጥ የተማሪዎች ስውር ማኅበር ተገኘ ተብሎ አፈሳ ተጀመረ። ምርመራውን እንዲመራ የተላከው ያ የድሮ ጓደኛ፣ ኖቮሲልትሴቭ ነበር። በ1824 ሚትስኪዬቪችን ጨምሮ 20 የሚሆኑ ወጣቶች ወደ ሩሲያ እንዲጋዙ ተፈረደ። የአዳም ሹመት ለማን ተሰጠ? ለኖቮሲልትሴቭ። በ1832 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተዘጋ። አብሮ ሐሳብ ያወጣ ሰው መርማሪ ሆኖ ሲመጣ ማየት ምን ያህል እንደሚያም መገመት አያቅትም። እንዲህ ያለ ነገር በእኛም ትውልዶች ላይ ደርሷል።

በ1815 ናፖሊዮን ወድቆ ቪዬና ላይ ጉባኤ ሲደረግ አዳም ከአሌክሳንደር ጎን ነበር። ዛሩ ንጉሥ የሆነባት፣ ግን የራሷ ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤትና ጦር ያላት አንዲት ትንሽ የፖላንድ መንግሥት ተፈጠረች። የሕገ መንግሥቱ መሠረተ ሐሳብ በአብዛኛው የእሱ ነበር። የንጉሥ እንደራሴ የሚሆነውም እሱ ነው ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ሹመቱ ለሌላ፣ እሺ ባይ ለሆነ ሽማግሌ ጄኔራል ተሰጠ። ጦሩን የዛሩ ወንድም ኮንስታንቲን ያዘው። ሕገ መንግሥቱ በወረቀት ላይ ጥሩ ነበር። በተግባር በየዓመቱ ተሸረሸረ።

ኅዳር 29 ቀን 1830 ሌሊት ዋርሶ ውስጥ ወጣት መኮንኖች አመፁ። አዳም 60 ዓመቱ ነበር። አመፁ ያዋጣል ብሎ አላመነም። ሆኖም ሕዝቡ ከወጣ በኋላ ወደ ኋላ አላለም። በጥር 1831 መጨረሻ ምክር ቤቱ በአሌክሳንደር እግር የተተካውን ዛር ኒኮላስን ከፖላንድ ዙፋን አውርዶ አዳምን የብሔራዊ መንግሥቱ ሊቀ መንበር አደረገው። በነሐሴ ዋርሶ ውስጥ ሕዝብ እስር ቤት ሰብሮ በሰላይነት የተጠረጠሩ ሰዎችን ሰቀለ። መንግሥቱ ወደቀ። አዳም እንደ ተራ በጎ ፈቃደኛ ከአንድ ክፍለ ጦር ጋር ወጣ። በመስከረም ዋርሶ ተያዘች። ድንበር ተሻግሮ ኦስትሪያ ግዛት ገባ። ዛሩ የሞት ፍርድ አስፈረደበት፣ ሩሲያ ግዛት ውስጥ ያለውን ርስቱንም ወረሰ። መጀመሪያ ለንደን፣ ከዚያ ፓሪስ ገባ። ስደቱ 30 ዓመት ፈጀ። አገሩን ሳያይ በ1861 በ91 ዓመቱ ፓሪስ አጠገብ ሞንፈርሜይ ላይ አረፈ።

የስደቱን ዘመን ሳነብ የራሳችንን ኑሮ ያነበብኩ ያህል ይሰማኛል። ከአመፁ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ፖላንዳውያን ተሰደዱ፤ አብዛኞቹ ወደ ፈረንሳይ። የፈረንሳይ መንግሥት አበል ቆረጠላቸው፣ ፓሪስ ግን እንዳሻቸው እንዲገቡ አልፈለገም። በአቪኞን፣ በብዛንሶን፣ በቡርዥና በሌሎች ከተሞች በመጠለያ ሰፈሮች አስቀመጣቸው። ከተማ ለመቀየር ፈቃድ ያስፈልጋል። ዛሬ በአውሮፓ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ ወረቀቱን የሚጠብቅ ልጅ ያንን ሕይወት ማንም ሳያብራራለት ያውቀዋል። ሥራ የለም፣ ቋንቋው ገና ነው፣ ቀኑ አያልቅም። ያኔ ሰው ያለው አንድ ነገር ክርክር ነው።

ተከራከሩም። ለሽንፈቱ ተጠያቂው ማን ነው? በ1832 የፖላንድ ዴሞክራሲያዊ ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ መኳንንቱን ከሰሰ። በ1834 ከ2,000 በላይ ስደተኞች ልዑል አዳም የፖላንድ ስደተኞች ጠላት ነው በሚል ጽሑፍ ላይ ፈረሙ። ልብ በሉ፣ ዛሩ ከሃዲ ብሎ ሞት የፈረደበት ሰው ነው። ቪልና ውስጥ ታሪክ ያስተማረው ዮአኪም ሌሌቬልም በስደት ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነበር።

ፈራሚዎቹን ሁሉ ስህተተኛ ናቸው ብዬ አላልፍም። አንድ ትልቅ እውነት ይዘዋል። በዚያን ጊዜ አብዛኛው የፖላንድ ገበሬ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ለባለርስቱ በነጻ የሚሠራ ገባር ነበር፤ የእኛ አባቶች ሁዳድ እንደሚያርሱት ዓይነት። ዴሞክራቶቹ በ1836 ባወጡት መግለጫ መሬቱ ለገበሬው ይሰጠው አሉ። የኢትዮጵያ ተማሪዎች በ1965 አዲስ አበባ ላይ መሬት ላራሹ ብለው ሲወጡ ያነሱት ጥያቄ ነው፣ በ130 ዓመት ቀድሞ። የልዑሉ ወገን ለገበሬው ያስብ ነበር፣ ግን ቀስ ብሎ፣ ባለርስቱን ሳያስቀይም። ዋጋው በ1846 ታየ። በኦስትሪያ ሥር በነበረችው ጋሊሲያ መኳንንት ለነጻነት ሊያምፁ ሲነሱ ገበሬዎቹ በራሳቸው ጌቶች ላይ ተነሱ። ቢያንስ 1,000 የሚሆኑ ሰዎች ተገደሉ። ገበሬው ነጻነት የሚሉት የማንን ነጻነት እንደሆነ አልታየውም ነበር። በዚህ ጉዳይ የልዑሉ ተቃዋሚዎች ከእሱ አርቀው አይተዋል።

ልዑሉ ተስፋ ያደረገው በታላላቅ መንግሥታት ላይ ነበር። ከኦቴል ላምቤር ወደ ለንደን፣ ወደ ሮም፣ ወደ ኢስታንቡል፣ ወደ ቤልግሬድ መልእክተኞች ይልክ ነበር። አገር የሌለው ሰው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነበረው ማለት ይቻላል። በ1842 ኢስታንቡል አጠገብ ለፖላንድ ስደተኞች መንደር አስቆረቆረ። በስሙ አዳምፖል ተባለች፤ ዛሬም አለች፣ ቱርኮቹ ፖሎኔዝኮይ ይሏታል። ከዚያ በ1853 የክሪሚያ ጦርነት ፈነዳ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሩሲያን ሊወጉ ነው! ልዑሉ 20 ዓመት የጠበቀው ቀን መጣ። ሚትስኪዬቪች ሳይቀር ተዋጊ ለማደራጀት ኢስታንቡል ሄደ፤ በ1855 እዚያው ሞተ። በ1856 የሰላም ጉባኤው የተካሄደው እዚሁ ፓሪስ፣ ከልዑሉ ቤት ብዙም ሳይርቅ ነው። ሊቀ መንበሩ የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አሌክሳንደር ቫሌቭስኪ ነበር፤ ከናፖሊዮንና ከፖላንዳዊት እናት የተወለደ፣ በ1831 አመፅ ጊዜ የፖላንድ መልእክተኛ ሆኖ ለንደን የሄደ ሰው። ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ከየት ይመጣል? በስምምነቱ ውስጥ ግን ስለ ፖላንድ አንድ ቃል አልገባም። እንግሊዝም ፈረንሳይም የፈለጉትን አግኝተው ነበር።

እኛም ዋሽንግተን ላይ ሰልፍ ወጥተናል፣ ፊርማ አሰባስበናል፣ ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ ጽፈናል። ይህን ሥራ አላጣጥልም። ድምፅ ማሰማት የስደተኛ ግዴታ ነው። ግን ከተስፋችን ምን ያህሉን እዚያ ላይ እንደምንጥል ማሰብ አለብን። አጼ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ጄኔቭ ላይ ያንን ታላቅ ንግግር ሲያደርጉ ዓለም ሰማ፣ ከዚያም በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሳ። እንግሊዝ ንጉሡን ከስደት ከተማቸው ከባዝ ያስነሳቻቸው ጣሊያን በ1940 ራሷ ላይ ጦርነት ስታውጅባት ነው። ያ ቀን ሲመጣ አገር ቤት አምስት ዓመት በዱር በገደል የተዋጋ አርበኛ ጠበቃቸው። ልዑል አዳም በ1856 ያጣው ይህንን ነበር። በፖላንድ ምድር የሚዋጋ ጦር በዚያ ሰዓት አልነበረም።

ልዑሉ ስደት ላይ የሠራው ሌላው ሥራ ግን ከዲፕሎማሲው ይበልጥ ረጅም ዕድሜ አገኘ። በ1838 ፓሪስ ላይ የፖላንድ ቤተ መጻሕፍት ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ስደተኛው ይዞት የወጣው መጽሐፍ፣ ደብዳቤ፣ ካርታ በየመኝታ ቤቱ እንዳይጠፋ አንድ ቦታ ተሰበሰበ። በ1842 ለስደተኞች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በኋላ ባቲኞል በሚባለው ሰፈር ተቋቋመ። ልጆቹ የፈረንሳይን ትምህርት ተማሩ፣ ጎን ለጎን የፖላንድን ቋንቋ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ። ኦቴል ላምቤር ውስጥ ደግሞ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ነበር። ሚስቱ አና ሳፒዬሃ የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር መሥርታ በየዓመቱ ባዛር ታዘጋጅ ነበር። የእጅ ሥራ ይሸጣል፣ የዳንስ ግብዣ ይደረጋል፣ ገንዘቡ ለተቸገሩ ስደተኞች ይውላል። ፖላንዳዊው ሙዚቀኛ ሾፓን በዚያ ቤት ፒያኖ ተጫውቷል።

ባዛር ለእኛ አዲስ አይደለም። በየቤተ ክርስቲያኑ እንጀራና ዶሮ ወጥ እየሸጥን ስንት ሕንፃ ገዝተናል። የአማርኛ ትምህርት ቤትም ቅዳሜና እሁድ የሚያስተምሩ እናቶች አሉ፣ ብዙዎቹ ያለ ደሞዝ። እኔ የማውቃት አንዲት መምህርት ከሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ወጥታ ሳትተኛ ሀሁ ልታስተምር ትመጣለች። የሚጎድለን ፍቅር አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ግን የለንም። በ1970ዎቹ የወጡት ሰዎች በራሪ ወረቀት፣ መጽሔት፣ ፎቶ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይዘው ወጥተው ነበር። ዛሬ ሰዎቹ እያረፉ ነው። ልጆቻቸው አማርኛ ስለማያነቡ ካርቶኑን ከቤት እቃው ጋር ይጥሉታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የግራም የቀኝም ወረቀት እኩል ነው የሚጣለው፤ በደጋፊና በተቃዋሚ መካከል ያለው ጸብ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አብሮ ይገባል። ፖላንዳውያኑ እኮ ከእኛ ባልተናነሰ ይጣሉ ነበር። ዛሬ የልዑሉን ወዳጆችና የጠላቶቹን ጽሑፍ አንድ መደርደሪያ ላይ ማግኘት የሚቻለው ግን ጥቂቶች በጸቡ መሀል እየሰበሰቡ ስላስቀመጡት ነው።

ኦቴል ላምቤርን ቤተሰቡ በ1970ዎቹ ሸጠው። በ2007 የካታር ንጉሣዊ ቤተሰብ አባል ገዛው። በ2013 እድሳት ላይ እያለ እሳት ጎዳው። የግል ቤት ስለሆነ ገብቶ ማየት አይቻልም። ቤተ መጻሕፍቱ ግን ከቤቱ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ እዚያው ደሴት፣ ኬ ዶርሌያን በሚባለው የወንዝ ዳር መንገድ ቁጥር 6 ላይ አለ። ናዚዎች በ1940 ዘርፈውት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተቋቋመ። የሚትስኪዬቪች ሙዚየምና የሾፓን ክፍልም እዚያው ነው። ፓሪስ የምትኖሩ፣ በተለይ የማኅበራችን ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ፣ አንድ ቀን አብረን እንሂድና የሚሠሩትን ሰዎች እናነጋግር። ወረቀት እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ርጥበት እንዴት እንደሚከላከሉ፣ በጀቱ ከየት እንደሚመጣ እንጠይቃቸው። ቤት ውስጥ ካርቶን ያላችሁ ደግሞ እስከዚያው አትጣሉት።